ማክሰኞና ሐሙስ የሚመጣ የሆድ ሕመም

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆዱን ያመዋል። ሰኞ ደህና ነው። ረቡዕ ደህና ነው። ቅዳሜ ኳስ ሲያባርር ይውላል። ማክሰኞና ሐሙስ ግን አሥር ሰዓት ሲቃረብ ሆዱን ይዞ ይጠቀለላል። እናቱ መጀመሪያ ጤና አዳም አጠጣችው። ቀጥሎ የወስፋት መድኃኒት ተገዛ። እኔ ግን ምርመራዬን ጨርሼ ነበር፦ ስንፍና ነው። ማክሰኞና ሐሙስ የሂሳብ ጥናት አለው፤ ሂሳብ ደግሞ አይወድም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ይህን የምጽፈው በተለይ ለአባቶች ነው። እኛ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ወጪ ከሸፈንን ልጆቻችንን የጠበቅናቸው ይመስለናል። ልጄ ላይ የደረሰው ወሲባዊ ጥቃት ነው። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ እሱ የልጄ ነው። የምጽፈው የራሴን ስህተት ነው።

የምንኖረው ፒያሳ ነበር፤ ስምንት ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበት የቀበሌ ቤት ግቢ። ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ልጁም የጋራ። አንዱ ቤት ወጥ ሲያር ሰባቱ ቤት ይሸተዋል። እኔ አራት ኪሎ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ልጅ ይጎዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሁሉም ሰው ያየዋላ! ሁሉም ያየዋል ብለን ሁላችንም ዓይናችንን አንስተን ኖሯል።

ከግቢው ጀርባ አንዲት ክፍል የተከራየ ወጣት ነበር። ጨዋ ነው። ሐዘን ሲሆን የእድሩን ድንኳን ቀድሞ የሚሸከም፣ ወንበር የሚደረድር፣ ሽማግሌ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል። የልጄን የሂሳብ ውጤት ሲሰማ "ጋሼ፣ እኔ አስጠናዋለሁ" አለኝ። ገንዘብ ስሰጠው "እንደ ወንድሜ እኮ ነው" ብሎ መለሰልኝ። ሱቄ ለሚመጣው ሰው ሁሉ አወራሁለት። አንዳንዴ የራሴን የቤት ቁልፍ እሱ ጋ አስቀምጥ ነበር። ለልጄ ስልኩን ለጌም ይሰጠዋል፤ ካርድ ይሞላለታል፤ "ለአባትህ እንዳትነግረው፣ ይቆጣሃል" ይለዋል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። አሁን ሳስበው መጀመሪያ የተላመደው ከልጄ ጋር አልነበረም። መጀመሪያ የተላመደው ከእኔ ጋር ነው።

ሴቷ ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ በር ላይ ያለው ሱቅ እንኳ ብቻዋን አትልካትም። ወንዱን ግን የትም እንለቀዋለን። "ወንድ ነው፣ ምን ይሆናል?" ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳልኳት አላውቅም። በኋላም ከፖሊስ አፍ ሰማኋት።

ልጁ ብዙ ነገር ነግሮኛል፤ በቃል ብቻ አይደለም። ከተወው አራት ዓመት ያለፈው ፍራሽ ማርጠብ ተመለሰ። መብራት ሲጠፋ ያለቅሳል። እህቱን ያለ ምክንያት ይመታል። እኔ ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ፦ ለፍራሹ ቁጣ፣ ለመብራቱ "ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ?"፣ እህቱን ለመታበት መንበርከክ። ሦስቱን አንድ ላይ አድርጌ አላየኋቸውም። አንድ ሐሙስ ደግሞ በግልጽ ነገረኝ። "አባዬ፣ ሂሳቡን ብቻዬን አጠናለሁ። ፈተና ከወደቅሁ ግረፈኝ።"

የዘጠኝ ዓመት ልጅ በገዛ እጁ ዱላን መረጠ። እኔ ግን ጆሮውን ይዤ የዚያን ሰው በር አንኳኳሁና "ይቅርታ በለው" አልኩት። ራሴ ወስጄ አስረከብኩት።

ወላጆች፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ። ልጅ አንድን ሰው ወይም አንድን ቦታ ድንገት ከጠላ፣ ምክንያቱን እስክታውቁ ድረስ አትላኩት። ስንፍና ቢሆን እንኳ የምታጡት አንድ የሂሳብ ሰዓት ነው።

ነገሩን ያወጣችው በግቢያችን በር ላይ ችብስ ጠብሳ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ማክሰኞና ሐሙስ ልጄ ለጥናት ከቤት ይወጣና እሷ ጋ ሄዶ ዱካ ላይ ይቀመጣል። እትዬ አልጠየቀችውም። ቢላዋና ድንች ሰጠችው። እሱ ይልጣል፣ እሷ ትጠብሳለች። ያ ሰው ሊፈልገው ሲመጣ "እየሠራልኝ ነው፣ ዛሬ ተወው" ትለዋለች። አንዳንድ ቀን ቀድሞ ይወስድባታል፤ አንዳንድ ቀን ታተርፈዋለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ሐሙስ ድንቹን እየላጠ፣ ቀና ሳይል፣ ነገራት።

በኋላ "እንዴት አወቅሽ?" አልኳት። "ምኑን አውቄ! ልጁ መቀመጥ ፈለገ፣ አስቀመጥኩት" አለችኝ። እኔ ስጠይቀው፣ ስገስጸው፣ ስመክረው የከረምኩትን ልጅ ዝም ብሎ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አስወራው።

እትዬ ያንኑ ማታ መጥታ ነገረችን። ከዚህ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት የሠራኋቸው ስህተቶች ናቸው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሱኝ።

መጀመሪያ ልጁን አስቀምጬ መረመርኩት። መቼ? ስንት ጊዜ? ለምን አልጮህክም? ለምን ዝም አልክ? ጥያቄዬ በበዛ ቁጥር እሱ ያንሳል። መጨረሻ ላይ "ምንም አልሆነም፣ ዋሽቼ ነው" አለ። አታድርጉት። ልጅ ሲነግራችሁ ሦስት ነገር ብቻ በሉ፦ አምንሃለሁ፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ ስለነገርከኝ ጎበዝ። ከዚያ ራሱ የተናገረውን ቃል፣ ሳታሳምሩ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ጥያቄውን ሥራው ለሆነ ሰው ተዉለት።

ሁለተኛ፣ ዱላ ይዤ ወደዚያ በር ሮጥኩ። ግቢው ተሰበሰበ፤ ጩኸት ሆነ። ሰውየው በግርግሩ መሃል ወጥቶ ሄደ። ፖሊስ እስኪይዘው ሳምንታት ፈጀ። ልጄ ደግሞ በመስኮት ሲያየኝ የገባው ነገር አባቱ እሱ በተናገረው ምክንያት ሰው ሊገድል መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፣ እናቱ ልጁን አጠበችው፣ ልብሱን ሁሉ ዘፈዘፈች። አልፈርድባትም፤ እናት ናት። ግን ጥቃቱ በቅርብ ከሆነ ልጁ ሐኪም ሳያየው ባይታጠብ ይሻላል። ልብሱም ሳይታጠብ፣ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይያዝ። ላስቲክ እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሸዋል።

አራተኛውና ትልቁ ስህተት ሽምግልና ነው። በማግስቱ ዓርብ የሰውየው ዘመዶች ሽማግሌ ልከው መጡ። "የልጁም ስም ይጠፋል። ነገ ሲያድግ ሰው ምን ይለዋል? ወንድ ልጅ እኮ ነው። ገበናችሁን ሸፍኑት" አሉን። ሰውየው ሰፈሩን ለቆ ይሄዳል፣ ካሳም ይከፍላል። አፍሬ እጽፈዋለሁ፤ አመነታሁ። ዓርብም ቅዳሜም በዚህ አለፈ። ቅዳሜ ማታ የእድራችን ዳኛ ተጠሩ። ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው፤ ስንት ቤት ያስታረቁ። ነገሩን ሰምተው ኮታቸውን አነሡና "ይሄ የዕርቅ ጉዳይ አይደለም፤ በሕፃን አይታረቁም። ልጁን ነገ በጠዋት ወደ ሐኪም ውሰድ" ብለውኝ ወጡ። ሽማግሌ ሲረግም ሰምቼ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ያለ እርግማን ተረገምኩ።

በኋላ ዐቃቤ ሕግ ያስረዳኝ ነገር አለ። በሕፃን ላይ የሚፈጸም እንዲህ ያለ ወንጀል በግል አቤቱታ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ቤተሰብ "ታርቀናል" ቢል ክሱን አያቆመውም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ ለሚፈጸም ጥቃት ከባድ ቅጣት አስቀምጧል፤ ተጎጂዋ ሴት ስትሆን ከ13 እስከ 25 ዓመት፣ ወንድ ሆኖ አጥቂውም ወንድ ሲሆን ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት። "ወንድ ነው፣ ምን ይሆናል" የሚለው የእኛ ተረት እንጂ የሕጉ አይደለም።

እሑድ ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት ፖሊስ ጣቢያ ነው። በር ላይ የነበረው ተረኛ "ወንድ ልጅ ነው ያልከኝ? እርግጠኛ ነህ?" አለኝ፤ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ነገር አለ። ልጄ እጄን ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ልመለስ ስል አንዲት የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ፖሊስ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ልጁን ከእኛ ነጥላ ውኃ ሰጠችው፤ ወደ ጋንዲ ሆስፒታልም ይዛን ሄደች። እናንተም ከአንድ ተረኛ ፊት ተነሥታችሁ እንዳትመለሱ። የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን በስሙ ጠይቁ። በስልክ ከሆነ የፖሊስ ነጻ መስመር 991 ነው።

ጋንዲ ስባል ደንግጬ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው ሊወለድ ወይም ሊወልድ የሚሄድበት ነው። ወንድ ልጄን ይዤ እዚያ ምን አደርጋለሁ? እዚያው ግቢ ውስጥ ግን ጥቃት ለደረሰባቸው የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ቦታ ናቸው። ልጁ ያንኑ ነገር በየቢሮው እየዞረ እንዳይደግም ተብሎ የተሠራ ነው። አገልግሎቱ በነጻ ነው።

ሐኪሟ የመጨረሻው ጥቃት መቼ እንደነበር ጠየቀችን። ረቡዕ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት። እሷ በጣቷ ቆጠረች። እኔም ቆጠርኩ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እኛ አራተኛው ቀን ላይ ነን። ሐሙስ ማታ ብንሄድ ደርሰን ነበር። ዓርብም ደርሰን ነበር። እኔ ዓርብን ለሽማግሌዎች ሰጠሁት።

ከዚያ ምርመራ፣ ውጤት መጠበቅ፣ እንደገና ምርመራ። ሦስት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ፊት ቆሜ ምን እንደማባዛ አላውቅም ነበር። የመጨረሻው ውጤት ደህና ሆነ። ተመስገን። ሰዓቱ ያለፈባችሁ ብትሆኑም ግን ሂዱ። ወር ያለፈው ልጅም ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ክሱም በዚያ ምክንያት አይቀርም።

ፍርድ ቤቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ቀጠሮው ብዙ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ተፈርዶበታል። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ብዙ ወላጅ ልጁን ተከሳሹ ፊት ማቆም ፈርቶ ነው ክስ የሚተወው። ልደታ ፍርድ ቤት ልጄ ችሎቱ ውስጥ አልገባም። ሌላ ክፍል ውስጥ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር፣ መጫወቻዎች መሃል ተቀመጠ። ዳኛው በቴሌቪዥን ያዩታል። የጠበቃውን ጥያቄ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በልጅ ቋንቋ አድርጋ ትጠይቀዋለች። ሰውየውን አላየውም። ችሎቱም ዝግ ነበር። እየወጣን "ጨረስን?" አለኝና ብርጭቆ ጁስ አስገዛኝ። ጠበቃ የሚያስፈልጋችሁ፣ አቅሙ የሌላችሁ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶችና ለሕፃናት በነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

አንድ ቀን የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ለብቻዬ ጠርታ፣ ልጄ ለምን እንዳልነገረኝ ነገረችኝ። "አባዬ ይመታኛል ብዬ" ብሏታል። እኔ ጨካኝ አባት አልነበርኩም። እንደ ሰው ነው የምቆጣው፤ ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ መንበርከክ፣ አንዴ ሁለቴ ቀበቶ። በርበሬ አጥኜው አላውቅም፤ በዚህ እንኳ እኩራራ ነበር! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ ነው ይላል። ቤት ውስጥ ግን የወንጀል ሕጉ ለመልካም አስተዳደግ ተብሎ ለሚወሰድ "ሕግን የማይቃረን" የማረሚያ እርምጃ ወላጅን አይቀጣም። መስመሩን ለእኛ ትቶልናል ማለት ነው። ሕጉ ቢጠብቅ ደስ ይለኛል። እስከዚያው የእኔን ሒሳብ ልንገራችሁ፦ ያቺ ኩርኩም ልጄን አራት ወር ዝም አሰኘችው።

ነገሩ ከበረደ በኋላ የእድራችን ዳኛ አስጠሩኝ። "አንተ ነህ የምትናገረው" አሉኝ። በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ቆምኩ። የማን ልጅ እንደሆነ አልተናገርኩም፤ ማን ያላወቀ አለ? ያን ቀን ሦስት ነገር ተወሰነ። እድሩ በልጅ ላይ በሚፈጸም ጥቃት ሽምግልና እንዳይቀመጥ ደንቡ ውስጥ ተጻፈ፤ የሚቀመጥ ሽማግሌ ከእድሩ ይወጣል። የልጆች ጥናት የትም ቢሆን በሩ ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ፣ ከአንድ ልጅ በላይ ሆኖ እንዲሆን ተባለ። ሦስተኛው ያስቃል፤ የጋራው ሽንት ቤት አምፖልና ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ እንዲገባለት። ሃያ ዓመት ልጆቻችን በጨለማ፣ በማይዘጋ በር ሲጠቀሙ ማንም አላሰበውም። መቀርቀሪያውን የገዛሁት በትንሽ ዋጋ ነው።

አንድ ጎረቤት ተነሥቶ "ታዲያ ልጆቻችን ሰውን ሁሉ እየጠረጠሩ ይደጉ?" አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። እትዬ ከኋላ ሆና "ልጆቹ ይጫወቱ። የምንጠረጥረው እኛ እንሁን" አለችው። ስብሰባው በዚያ አለቀ።

ትምህርት ቤቱ ከበደ። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ሳነሣ ርእሰ መምህሩ "የትምህርት ቤቱን ስም እንጠብቅ" አሉኝ። ዓርብ ዕለት የሽማግሌዎቹን ቃል የሰማሁ መሰለኝ። በ2009 ዓ.ም የወጣውን የሕፃናት ፖሊሲ ጠቅሼ ተከራከርኩ፤ ብዙም አልሰሙኝም። ስለዚህ አንቀጽ 36ን በትልቅ ፊደል አትሜ፣ ከሥሩ 991ን ጽፌ ለየክፍሉ አንድ አንድ ላክሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ጥቅሙ ይኼ ነው። አንዲት መምህርት በክበቧ ይዛው ልጆቹን ማስተማር ጀመረች፤ በር የከፈተችልን እሷ ናት። አለቃው እምቢ ካለ አንድ ፈቃደኛ መምህር ፈልጉ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ያስቸገረን መሳም ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጅን "ና ሳም፣ ሂጂ ሳሚያቸው" ማለት የጨዋ ቤት ምልክት ነው። እኛ ተውነው። ልጅ ካልፈለገ በእጁ ሰላም ይበል። እናቴ ሦስት ወር አኮረፈችን። "የልጅ ልጄ ካልሳመኝ ምኑን ቤተሰብ ሆንን?" አሁን ሴቷ ልጄ አያቷን ስታይ በራሷ ሮጣ ትጠመጠምባታለች፤ እናቴም "እኔኮ ድሮም ብያለሁ" ትላለች። ለልጆቹ የነገርናቸው ቀላል ነው። በውስጥ ሱሪ የሚሸፈነው የራሳችሁ ነው። ትልቅ ሰው "ለአባትህ እንዳትነግር" ካለ፣ መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው። ለመናገር ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም፤ እያንዳንዳቸው ከቤት ውጪ የሚያምኑትን አንድ ትልቅ ሰው ራሳቸው መረጡ። ልጄ የመረጠውን መገመት አያቅትም።

በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ሲፈርስ ግቢያችንም አብሮ ሄደ። ስምንቱ ቤተሰብ ተበተነ። እኛ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን። ውኃው የግል፣ ሽንት ቤቱ የግል፣ በሩ የብረት። ኮሪደሩ ላይ ሰው አይታይም፤ ወላጅ እስኪመጣ ተቆልፎባቸው የሚጠብቁ ልጆች ግን በየበሩ ኋላ አሉ። የድሮው ግቢ ልጄን አልጠበቀውም። ግን ዱካ ላይ የምትቀመጥ እትዬም የነበረችው እዚያ ነው። እዚህ ማንን ላስቀምጥ? በመጀመሪያው ሳምንት ዳቦ ይዘን የአራቱን ጎረቤት በር አንኳኳን። ሁለቱ ከፈቱ። አሁን ከሁለቱ ጋር ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ማን ቤት እንደሚቆዩ ተራ አውጥተናል፤ በሩ ክፍት ሆኖ። እድራችን አሁንም በወር አንዴ እሑድ ይሰበሰባል፤ ታክሲ ሁለት ጊዜ ይዘን ነው የምንሄደው።

ልጄ አሁን ጢም ማብቀል ጀምሯል። በሂሳብ አሁንም ደካማ ነው፤ ማንም አይጨቀጭቀውም። ይህን ልጽፍ መሆኑን ነግሬ ፈቃዱን ጠየቅሁት። ትንሽ ቆየና "ስሜን አትጻፍ" አለኝ። እሺ አልኩት። ወደ ክፍሉ ሊገባ ከሄደ በኋላ ከበሩ ላይ ተመለሰ።

"የእትዬን ድንች ግን ጻፈው።"